አንገተ ረጅሙ የባሕር አውሬ

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር



 እኛ ዘንድሮ ትምህርታችንን ፈጽመን የምንወጣ ተማሪዎች፣ ለበዓሉ በተዘጋጀው የሳይንስ ትርኢት ላይ አንድ የእንስሳ ምስል ሠርተን አቁመናል። ምስሉን ያያችሁ ሁሉ ሁለት ነገር ሳትጠይቁን አላለፋችሁም። አንደኛው፣ «ይህ አንገቱ ከሰውነቱ የሚበልጥ አውሬ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛውም፣ «አንገቱ ሥር ያለው ስንጥቅ ከምን መጣ?» የሚል ነው። የዛሬው ንግግራችን ለእነዚህ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ ለመስጠት ነው። ስለ ስንጥቁ የምንናገረው ወደ ኋላ ስለ ሆነ፣ እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት እንድታደምጡን እንለምናለን።

ነገሩ የጀመረው ከአንድ ድንጋይ ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ከክረምት ዕረፍት ስንመለስ፣ የደጀኑ ጓደኛችን ከዓባይ በረሃ ያነሣውን ድንጋይ በመሐረብ ቋጥሮ ይዞልን መጣ። ድንጋዩ ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ሲሆን፣ በላዩ ላይ የባሕር ዛጎል ቅርጽ ጎልቶ ይታይበታል። ከባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር በሚርቅ ቆላ ውስጥ የባሕር ዛጎል እንዴት ሊገኝ ቻለ? ከመካከላችን አንዱ፣ «መንገደኛ ነጋዴ የጣለው ይሆናል» አለ። ሌላው፣ «የኖኅ ዘመን ውሃ ያመጣው ነው» አለ። ክርክሩ እስከ መኝታ ደወል ድረስ ቆየ። በማግሥቱ ድንጋዩን ለሳይንስ መምህራችን ብናሳያቸው፣ «ከመከራከራችሁ በፊት ድንጋዩን ጠይቁት፤ እስቲ ዛጎሉን በመርፌ ለማላቀቅ ሞክሩ» አሉን። ሞከርን፤ አልተላቀቀም። በመዶሻ ሰብረን ብናየው በውስጡም ሌላ ዛጎል ተገኘ። ስለዚህ ዛጎሉ በድንጋዩ ላይ የወደቀ ሳይሆን ከድንጋዩ ጋር አብሮ የተሠራ መሆኑን በዓይናችን አየን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ሊቃውንት ጁራሲክ በሚሉት ዘመን፣ ባሕር በደቡብ ምሥራቅ በኩል ገብቶ የአፍሪካን ቀንድ ብዙ ክፍል ሸፍኖ ነበር። የሞቱ እንስሳት ዛጎልና የባሕሩ ነጭ ጭቃ ከታች እየተነባበረ ቆይቶ ደነደነና የኖራ ድንጋይ ሆነ። ባሕሩ ከሸሸ ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ከምድር ውስጥ የፈላ ቀልጦ ድንጋይ እየፈሰሰ ደጋውን አለበሰው። ዓባይም ያን ሁሉ እየቆረጠ ወረደ። እንግዲህ በአውቶቡስ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው፣ ሳያውቀው ወደ ጥንት ባሕር ወለል ይወርዳል ማለት ነው።

በትግራይም እንዲሁ ያለ ድንጋይ በመቀሌ ዙሪያ በብዛት ይገኛል። በ1868 ወደ መቅደላ ከዘመተው የእንግሊዝ ጦር ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድር ሊቅ መጥቶ ነበር። እርሱም በመንገዱ ላይ ያየውን ድንጋይ በአገሩ ስም «የአንታሎ ኖራ ድንጋይ» ብሎ ሰየመው፤ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍም ገለጠው። ስሙ እስከ ዛሬ ድረስ በሊቃውንት ዘንድ ይሠራበታል። በዚህ ንግግር ውስጥ የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ባሕሩ እንደ ነበረ ከተረዳን በኋላ፣ «ታዲያ በዚያ ዘመን በዓለም ባሕሮች ውስጥ ይኖር የነበረው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ተከተለ። የዛሬዎቹ ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ያን ጊዜ ገና አልነበሩም። እንደ በግ ቀንድ የተጠመዘዘ ዛጎል የለበሱ፣ አሞናይት የተባሉ እንስሳት ባሕሩን ሞልተውት ነበር። ዓሣ የሚመስሉ ኢክቲዮሳውሮችም ነበሩ። የሁሉንም ዓይን የሚስበው ግን ፕሌሲዮሳውር የተባለው ነው። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ የተወሰደ ሆኖ ትርጓሜው «ለእንሽላሊት የቀረበ» ማለት ነው።

ፕሌሲዮሳውር ዓሣ አይደለም፤ ዳይኖሰርም አይደለም። አባቶቹ በየብስ ይኖሩ የነበሩና ወደ ባሕር የተመለሱ ተሳቢ እንስሳት ናቸው። ስለዚህ በባሕር ውስጥ ይኑር እንጂ አየር ለመተንፈስ ወደ ላይ መውጣት ነበረበት። አካሉ በርሜል ይመስላል፤ ጅራቱ አጭር ነው፤ በአራት እግር ፈንታ አራት ሰፋፊ መቅዘፊያዎች አሉት። ከዘመዶቹ መካከል አንገታቸው አጭርና ራሳቸው ትልቅ የሆኑ ነበሩ። አንገተ ረጅሞቹ ግን ትንሽ ራስና እንደ መርፌ የሾሉ፣ ላይና ታች የሚጠላለፉ ጥርሶች ነበሯቸው። በእነዚህም ዓሣና የመሳሰለውን ይይዙ ነበር። ቀጭኔ ያን ያህል አንገት ይዛ የአንገቷ አጥንቶች ቍጥር ልክ እንደ ሰው 7 ብቻ ነው። ኤላስሞሳውረስ የተባለው ፕሌሲዮሳውር ግን 72 ነበሩት። በካናዳ የተገኘውና በ2012 ስም የወጣለት አልበርቶኔክቴስ ደግሞ 76 አለው። የዚህ እንስሳ አንገት ብቻውን 7 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይኸውም እኛ ከተቀመጥንበት አግዳሚ ወንበር ሁለቱ ተቀጣጥለው የማይደርሱበት ርዝመት ነው።

ይህን የመሰለ አንገት በመጀመሪያ ሲታይ ማን ያምናል? ያላመኑ ነበሩ፤ ያላመኑትም ተራ ሰዎች አልነበሩም።

በእንግሊዝ አገር በደቡብ ጠረፍ ላይም ሪጅስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዚያች ከተማ በ1799 ሜሪ አኒንግ የምትባል የአናጢ ልጅ ተወለደች። አባቷ በ1810 ዕዳ ትቶ ስለ ሞተ፣ ቤተ ሰቡ ከባሕሩ ገደል የሚለቅመውን ድንጋይ የሆነ አጥንትና ዛጎል ለመንገደኛ እየሸጠ ይኖር ጀመር። ሜሪ ማንበብና መጻፍ የተማረችው በሰንበት ትምህርት ቤት ሲሆን ሌላውን ያወቀችው በራሷ ጥረት ነው። በክረምት ማዕበሉ ገደሉን ሲንደው፣ ማዕበሉ ተመልሶ ሳይወስድባት ቀድማ ለመልቀም በሚወድቅ ድንጋይ መካከል ትሠራ ነበር። በ1823 በታኅሣሥ ወር ከዚህ ገደል የፕሌሲዮሳውርን ሙሉ አጽም አወጣች። እንዲህ ያለ ሙሉ አጽም ከዚያ በፊት አልተገኘም ነበር።

የአጽሙ ሥዕል ወደ ፓሪስ ሲደርስ፣ በዘመኑ ስለ እንስሳት አጥንት በማወቅ አቻ ያልነበረው ዦርዥ ኩቪዬ ተጠራጠረ። የአንገቱ አጥንቶች ከ30 በላይ መሆናቸው ከሚያውቃቸው ተሳቢ እንስሳት ሁሉ ውጭ ስለ ሆነበት፣ የሁለት እንስሳት አጥንት የተቀጣጠለ ሳይሆን አይቀርም ብሎ አሰበ። ለአንዲት ድኻ አጥንት ሻጭ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። አጭበረበረች ከተባለች ከእንግዲህ የሚገዛት የለም፤ እንጀራዋም ተቋረጠ ማለት ነው። ነገሩ በለንደን በሥነ ምድር ማኅበር ዘንድ ተመረመረ። በየካቲት 1824 ቄስ ዊልያም ኮኒቤር በማኅበሩ ፊት አጽሙን ገለጠ። አጥንቱ አልተቀጣጠለም፤ አንገቱ በእውነት ያን ያህል ረጅም ነበር። ኩቪዬም መሳሳቱን አመነ።

ነገር ግን በዚያ ስብሰባ የሜሪ አኒንግ ስም አልተጠራም። ማኅበሩ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1919 ነው፤ እርሷ ግን በ1847 ዐርፋለች። አጽሙ ዛሬ በለንደን በተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ይገኛል። እኛም ይህን ንግግር ስናዘጋጅ፣ ድንጋዩን ከዓባይ በረሃ ያመጣልንን ጓደኛችንን ሳናነሣ እንዳንቀር የተጠነቀቅነው ከዚህ ታሪክ ተምረን ነው።

ሁለተኛው ታሪክ በአሜሪካ የሆነ ነው። በ1867 በካንሳስ በአንድ የጦር ሰፈር የነበረው ሐኪም ቴዎፊለስ ተርነር ትልቅ የአውሬ አጥንት አገኘ። ካንሳስ ዛሬ ከባሕር የራቀ ሜዳ ነው፤ ከ80 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግን ሰሜን አሜሪካን ከላይ እስከ ታች የከፈለ ባሕር ያልፍበት ነበር። አጥንቱ በ1868 ወደ ፊላዴልፊያ ከተማ ለኤድዋርድ ኮፕ ተላከለት። ኮፕ ገና 28 ዓመት ያልሞላው፣ አእምሮው ፈጣን፣ እጁም ፈጣን የሆነ ሊቅ ነበር። አጥንቱን ደርድሮ «ኤላስሞሳውረስ» ብሎ ሰየመው፤ ሥዕሉንም አሳተመ። አገራችን ሰው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚል፣ ኮፕ በችኮላው ረጅሙን አንገት ጅራት ነው ብሎ ስለ ወሰደ የአውሬውን ራስ በጅራቱ ጫፍ ላይ ተከለው።

በ1870 በመጋቢት ወር በዕድሜ የሚበልጠው ጆሴፍ ላይዲ በሊቃውንት ጉባኤ ፊት ስሕተቱን ገለጠ። ኮፕ የጅራት መጨረሻ ናቸው ያላቸው አጥንቶች ራስን የሚሸከሙት የአንገት መጀመሪያዎች መሆናቸውን አሳየ። ኮፕ እጅግ ስላፈረ ያሳተመውን ጽሑፍ ከየሰዉ እጅ ለመሰብሰብ ሞከረ። ሁሉንም ሊያገኝ ግን አልቻለም። ከዚያ በኋላ የታረመውን ሥዕል አሳተመ። ኮፕ በዕድሜው ሙሉ ብዙ ጥንታዊ እንስሳትን ለዓለም ያስተዋወቀ ትልቅ ሊቅ ነው፤ ነገር ግን ስሙ በተጠራ ቍጥር ይህ ነገር አብሮ ይነሣበታል። እኛም ይህን በክፍላችን ያነበብን ዕለት ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ያን ቀን ስንስቅ በእኛም ላይ ምን እንደሚመጣ አላወቅንም ነበር።

እነሆ፣ አሁን ወደ ስንጥቁ ደረስን።

ምስሉን ከሽቦ፣ ከጆንያና ከጄሶ መሥራት ጀመርን። አንገቱን የሠራው የግንበኛ ልጅ የሆነው ጓደኛችን ነው፤ በጄሶ ሥራ ከእርሱ የሚወዳደር በትምህርት ቤቱ የለም። እንደ ሰጎን አንገት ወደ ላይ ቀጥ አድርጎ አቆመው፤ ጫፉ ላይ ራሱን አዞረበት። ከሩቅ ሲታይ አውሬው ከባሕር ብቅ ብሎ አካባቢውን የሚቃኝ ይመስል ነበር። ያየው ሁሉ አደነቀ፤ ታናናሾቻችንም በምሳ ሰዓት ተሰልፈው ያዩት ነበር። እንዲህ ያለውን አቋም ያገኘነው ከአሮጌ ሥዕሎች ነው። በስኮትላንድ በሎክ ኔስ ሐይቅ ውስጥ እንዲህ ያለ አውሬ እስከ ዛሬ አለ እየተባለ የሚወራለት፣ በ1934 የታተመውም ዝነኛ ፎቶግራፍ አንገቱ የቆመ ነው። ያ ፎቶግራፍ ግን በመጫወቻ ሰርጓጅ መርከብ ላይ የተተከለ ምስል መሆኑ በ1994 ታውቋል።

በዓሉ ሊደርስ አምስት ቀን ሲቀረው ከመካከላችን ሁለቱ የአንገቱን አጥንቶች ቍጥር ለማሳየት 72 ቆርኪ ሰብስበው በሽቦ ሰኩ። ቆርኪዎቹን አጥብቀው ሲያያይዙአቸው አንገቱ ቀስ ብሎ ይጎብጣል እንጂ እኛ እንዳደረግነው አይቀለበስም። ቀጥ አድርገው ሊያቆሙትም ሲሞክሩ ይወድቃል። ያን ጊዜ አንዱ፣ «ታዲያ የእኛን ምስል ያቆመው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። መልሱን ሁላችንም እናውቀው ነበር። በውስጡ የከተትነው ፌሮ ነው። ፕሌሲዮሳውር ግን በአንገቱ ውስጥ ፌሮ አልነበረውም። መጻሕፍቱን ደግመን ብንመረምር፣ በዚህ ዘመን ያሉት ሊቃውንት የአንገተ ረጅሞቹ አጥንቶች ተቀራርበው የተገጣጠሙ በመሆናቸው እንዲያ መቀልበስ እንደማይቻላቸው ጽፈዋል። ደግሞም ያን የሚያህል ከባድ አንገት ከውሃ በላይ ቢያነሣ ሰውነቱ ሚዛን አጥቶ ወደ ፊት ይዘፈቅ ነበር። አንገቱ በውሃ ውስጥ ወደ ፊት የሚዘረጋ ነበር እንጂ እንደ ሰጎን የሚቆም አልነበረም።

ከዚያ በኋላ በክፍላችን የሆነውን መሸሸግ አንፈልግም። አብዛኞቻችን ምስሉ እንዳለ ይቆይ አልን። አምስት ቀን ብቻ ቀርቶናል፤ ጄሶው አልቆብናል፤ ደግሞም ለውድድሩ የተዘጋጀው ሽልማት ያጓጓን ነበር። «ማን ያውቅብናል?» የሚል ድምፅም ተሰማ። የተቃወሙት ጥቂቶች ነበሩ። እነርሱም ቢሆኑ ጓደኛችን ሁለት ሳምንት ሙሉ ያልተኛበትን ሥራ «ይፍረስ» ለማለት አፍ አጥተው ዝም አሉ። በዚህ መካከል አንገቱን የሠራው ጓደኛችን ራሱ ተነሣ። «በኮፕ ላይ የሳቅን እኛ ነን፤ እርሱ ግን ሳያውቅ ነው የተሳሳተው፤ እኛ አውቀን ብንተወው ምን ልንባል ነው?» አለ። ከዚያም ማንንም ሳይጠብቅ የብረት መጋዙን አንሥቶ አንገቱን ከሥሩ መቍረጥ ጀመረ። ያን ጊዜ የተናገረ የለም። አንድ በአንድ እየተነሣን ምስሉን ደግፈን ያዝንለት።

እንግዲህ የምታዩት ስንጥቅ አሮጌው ሥራ ከአዲሱ የተጋጠመበት ቦታ ነው። አዲሱ ጄሶ በችኮላ ስለ ደረቀ መልኩ እንደ ፊተኛው አላማረም። የውድድሩም ሽልማት ዛሬ ጧት ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ተሰጥቷል፤ ሥራቸው ያማረ ስለ ሆነ ከልብ እንኳን ደስ ያላችሁ እንላቸዋለን። ስንጥቁን ቀለም እንድንቀባበት የመከሩን ነበሩ፤ እኛ ግን የሆነው ነገር ምልክት እንዲሆን ትተነዋል።

ሌላውን የምስሉን ክፍል ደግሞ ዛሬ በታወቀው መሠረት ለመሥራት ሞክረናል። አራቱን መቅዘፊያዎች ያበጀነው እንደ ክንፍ ነው፤ እንስሳው በውሃ ውስጥ እንደሚበር ወፍ ይሄድ ነበርና። በ2017 በእንግሊዝ አገር በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በውሃ ገንዳ ውስጥ ሰው ሠራሽ መቅዘፊያዎችን አንቀሳቅሰው ነበር። የኋለኞቹ ከፊተኞቹ ጋር በሚገባ ሲቀናጁ የሚገፉበት ኃይል እስከ 60 በመቶ እንደሚጨምር አሳይተዋል። ከሥዕሉ ጐን የእናትና የግልገል ሥዕል ያኖርነውም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1987 በካንሳስ የተገኘ የፖሊኮቲለስ አጽም በ2011 ተጠንቶ ሲገለጥ፣ በሆዱ ውስጥ ያልተወለደ አንድ ትልቅ ግልገል ተገኝቷል። ከዚህም የተነሣ እነዚህ እንስሳት እንደ ዔሊ ወደ ዳር ወጥተው እንቍላል የሚጥሉ ሳይሆኑ በባሕር ውስጥ የሚወልዱ መሆናቸው ታወቀ። ቆዳውን በከፊል ለስላሳ፣ መቅዘፊያውን ግን ቅርፊት ያለው ያደረግነው፣ በጀርመን አገር የተገኘ የፕሌሲዮሳውር ቆዳ በ2025 ተመርምሮ እንደዚያ ሆኖ ስለ ተገኘ ነው። የእንስሳው ሙሉ አጽም በመጀመሪያ ከገደል ከወጣ 200 ዓመት ካለፈ በኋላ እንኳ ገና አዲስ ነገር የሚገኝበት መሆኑን ልብ በሉ።

እነዚህ እንስሳት ከ130 ሚሊዮን ዓመት በላይ በዓለም ባሕሮች ውስጥ ኖሩ። ፍጻሜአቸው የመጣው ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ዛሬ የሜክሲኮ አገር ክፍል በሆነው በዩካታን ከሰማይ የወረደ ትልቅ ዐለት ወድቆ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጕድጓድ ፈጠረ። የተነሣው አቧራና ጢስ የፀሐይን ብርሃን ስለ ጋረደ፣ በባሕር ውስጥ በብርሃን የሚኖሩት ደቃቅ ተክሎች አለቁ፤ እነርሱን የሚበሉት ተከተሉ፤ ዓሣውም ሲያልቅ ዓሣ በላው ፕሌሲዮሳውር ከነዘሩ ጠፋ። ይህን የሚያህል አውሬ የወደቀው በዓይን የማይታየው ምግቡ ሲነጥፍ ነው።

የተወደዳችሁ ታናናሾቻችን፤ እኛ በሚቀጥለው ወር ከዚህ ግቢ እንወጣለን። አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቻችን ወደ ሥራ፣ ሌሎቻችንም ወደ ወላጆቻችን እርሻ እንሄዳለን። ለእናንተ ትተን የምንሄደው ምስል ውድድር ያሸነፈ አይደለም። ነገር ግን ሥራችሁ ከእውነት ጋር ሲጋጭ፣ የሚያስቸግረውም እርማት የገዛ እጃችሁን ሥራ ማፍረስ ሲሆን፣ ስንጥቁን መጥታችሁ እዩት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል። ሜሪ አኒንግን ያጸደቃት፣ ኮፕን የወቀሰው፣ የእኛንም ሰጎን ያወረደው ያው አጥንቱ ነው። ደግሞም ከመካከላችሁ ወደ ዓባይ በረሃ ወይም ወደ መቀሌ የሚሄድ ቢኖር፣ ድንጋዩን ዝም ብሎ አይለፈው፤ ከየትኛው ቦታ እንዳነሣው ጽፎ ይዞ ይምጣ። ያገኘውንም ሰው ስም መጻፍ አትርሱ።